ውሃው ውስጥ የታየው

«ይቺን እጅ ብንሸፍናትስ፣ መምህር?» አለ አዘጋጁ ኩራሞቺ፣ ቀዩን እርሳስ ከገጹ ላይ ሳያነሳ።

ሠዓሊው ሳካኪ አጎንብሶ አየ። ሦስት ቀን የለፋባት የሥዕል ታሪክ ገጽ ናት። የሳሙራዩ ሰይፍ አልፏል፤ የተቆረጠው እጅ ገና አየር ላይ ነው፤ ጣቶቹ መቆረጣቸውን ገና አልሰሙም። ኩራሞቺ አጥንቱ የሚታይበትን ቦታ በቀይ ከቦታል።

«ደሙ ጥቁር ነው» አለ ሳካኪ። «ጥቁር ደም ደግሞ ማንን ያስደነግጣል?»

«ደሙን ምን አልኩ? አጥንቱን ነው እንጂ። የአሥር ዓመት ልጅ ከሰፈር ሱቅ ገዝቶ መንገድ ላይ የሚያነበው መጽሔት ነው እኮ። እናቶች ይጽፋሉ፣ ሱቆቹ ይሰማሉ። መጽሔት የሚመረምረው የከተማው ኮሚቴ አንድ ቀን ስማችንን ከጠራ ደግሞ አለቀልን፤ ‘ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይሸጥም’ ተብለን፣ በላስቲክ ታሽገን፣ ጥግ እንወረወራለን።»

«ኮሚቴው መቼ ጠርቶን ያውቃል?»

«እንዳይጠራን ነዋ የምፈራው! ጭስ ቢጤ ጣል ያድርጉበት።»

ሳካኪ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ከጠረጴዛው ማዶ ተደርድረው በተቀመጡ ገጾች ላይ አረፈ። ‘አልፏል’ የሚል ማኅተም ተመቶባቸዋል። የሚዮሪ ናቸው። ስሟን ማንበብ አላስፈለገውም፤ መስመሯን ያውቀዋል። ስምንት ዓመት ቤቱ ተቀምጣ የእሱን ሥዕሎች በቀለም ስትሞላ፣ ብዕር አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። ዛሬ የእሷ ታሪክ መጽሔቱን ይከፍታል፤ የእሱ ከማስታወቂያዎቹ ጎን ተወሽቋል።

«እሷን አልነካሃትም?»

«ሚዮሪን? ምን አላት የሚነካ? ንጹሕ ናት።»

ንጹሕ። ሳያስፈቅድ አንዱን ገጽ ሳብ አደረገ።

የሐይቁ አውሬ ዓሣ አጥማጁን ይዞታል። አውሬው ጀርባውን ሰጥቷል፤ ከሰውየው የሚታየው ከጀልባዋ ጠርዝ የተንጠለጠለ አንድ እግር ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ገልጦ ያልፍ ነበር። ሳካኪ ግን በዓይኑ ወደ ውሃው ወረደ። «አታሳዪ ያሉሽን ነገር ውሃ ውስጥ ዘቅዝቀሽ ሳዪው፤ አዘጋጅ ውሃ አያይም» ብሎ ያስተማራት ራሱ ነዋ። ገጹን ዘቅዝቆ አዞረው። በሞገዶቹ መካከል የሰውየው ሆድ ዕቃ እንዳለ ተዘርግፏል።

ደግሞ ያምራል። ያንገበገበውም ይኸው ነው።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ገጾቹ እኩለ ቀን ላይ ማተሚያ ቤት ይገባሉ፤ መጽሔቱን ዘቅዝቆ የሚያነብ ልጅ ደግሞ የለም።

«አዙረህ እየው» አለው።

ኩራሞቺ አዙሮ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሚዮሪ እዚያው ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ለአንባቢዎች የሚላክ የሽልማት ካርድ እየፈረመች ስለነበር ስትጠራ ወዲያው መጣች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ አሁንም እንደ ድሮው በቀለም የጠቆሩ ናቸው። ለሳካኪ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ቀና ስትል ተዘቅዝቆ የተቀመጠውን ገጽ አየችው።

«ማነው ያገኘው?»

ኩራሞቺ ገጹን ወደ እሷ ገፋው።

«አቶ ኩራሞቺ አይደሉም» አለች፣ ለመሳቅ እየሞከረች። «ሰባት ወር ሙሉ ከደበቅኩት አንዱንም አላዩትም።»

«ሰባት ወር?!» አለና ኩራሞቺ ወንበሩን ያዘ።

ሳካኪም አላየም ነበር። የእሷ ገጾች ላይ ሲደርስ መዝለል ከጀመረ ከርሟል።

ሚዮሪ ወደ እሱ ዞር አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስልኬ አለዎት እኮ፣ መምህር» አለችው።

«ለመጽሔቱ ብዬ ነው» አለ። ራሱም አላመነውም።

ተቀምጣ ነጭ ቀለም ጠየቀች።

«ጥቁር በጥቁር አድርጊውና እንገላገል» አለ ኩራሞቺ ሰዓቱን እያየ። አልሰማችውም። አንጀቱን በነጭ አጠፋችው። ሞገዶቹን አስከትላ አጠፋች። ከዚያ ማንም ያላዘዛትን የአውሬውን ጥላ ጭምር ከውሃው ላይ አነሳች። ብሩሿን ስታስቀምጥ አውሬው ከላይ እንደቆመ ነው፤ ከታች ውሃው ውስጥ ግን ባዶ ጀልባ ብቻ ይታያል። ውሃው አውሬውንም ሰውየውንም አላውቃቸውም ብሏል።

«ኧረ በስማም!» ኩራሞቺ ክንዱን አሻሸ። «ይሄማ ከበፊቱ ይብሳል።»

«ምኑን ልሸፍነው ታዲያ?»

«ምንም የሚሸፈን ነገር የለውም እኮ!»

ሳካኪ እንከን ፈለገ። ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለቀመው፤ አጣ። ይህን አላስተማራትም። ይህን እሱም አያውቀውም።

«የእርስዎስ አለፈ?» አለች ሚዮሪ ልትወጣ ስትል። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

መዳፉን ቀዩ ክብ ላይ አሳረፈ። «አልፏል።»

«እንኳን ደስ አለዎት።» ጎንበስ ብላ ወጣች።

ኩራሞቺ ቀለሙ ያልደረቀውን ገጽ በሁለት እጁ ይዞ ተከተላት። ወዲያው ከወዲያኛው ክፍል «ኑ! ኑ ይሄን እዩልኝ!» የሚል ድምፁ ተሰማ፤ ወንበሮች ተንቋቁ፤ ወጣቶቹ አዘጋጆች እየተጋፉ ከበቡት።

ሳካኪ መዳፉን ከገጹ ላይ አነሣ። ከዚያ ተነሣና በሩ ላይ ደረሰ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከሁሉም ኋላ፣ በእግሩ ጣቶች ጫፍ ቆሞ፣ በትከሻቸው ላይ አንገቱን አሰገገ።