የጎጆው ቦታ

«ሦስት ናቸው» አለች ውድነሽ። ገጀራዋን እንደያዘች ቀና ብላ ቁልቁል አየች። ከበቆጂ መንገድ ተገንጥለው ወደ ኮረብታው የሚወጡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጠመንጃ አንግቷል።

ባሏ መርሻ የቀጋውን ሥር የሚፈነቅልበትን ዶማ ለቀቀ። «ፊተኛው ዲሪባ ነው?»

«ባርኔጣው የሱ ነው።»

ዲሪባ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ነው። የቤት ቦታ የሚሰጠው እሱ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስም የሚያስተላልፈውም እሱ። ባለፈው ስብሰባ ላይ፣ በአባቱ ቤት ያለ ጎረምሳ ይዘምታል፣ ጎጆ የወጣ ይቀራል ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። መርሻ ሚስት ካገባ አራት ወሩ ቢሆንም የሚኖሩት ከአባቱ ጋር ነው፤ መዝገቡ ላይ አሁንም የአባቱ ልጅ እንጂ አባወራ አይደለም። ይህን ጦም ያደረ ዳገት ደጅ ጠንተው ያገኙት ለዚህ ነበር። አጋሙንና ሳማውን ሲመነጥሩ አምስት ቀናቸው፤ እጃቸው የሰው እጅ አይመስልም። ቦታው ተለክቶ በመርሻ ስም እስኪጻፍ ድረስ ግን ለሁለቱም እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

«ሊለኩልን ይሆናላ የመጡት» አለች ውድነሽ፣ ራሷም ሳታምን።

«ታጣቂው ገመድ ይዟል። አየሽው?»

አየችው። መሬትም በገመድ ይለካል፣ ሰውም በገመድ ይታሰራል። ባለፈው ዙር ጎረቤታቸውን ቱሳን ስኳር ሊታደል ነው ብለው ጠርተው፣ የፊጥኝ አስረው መኪና ላይ ጫኑት። እናቱ ለስኳሩ ያመጣችውን ጣሳ እንደያዘች መንገድ ላይ ቀረች።

«ሂድ» አለችው።

መርሻ ዙሪያውን አየና ሳይፈልግ ሳቁ አመለጠው። የት ይሂድ? ባለፈው ሳምንት በሬ ቢገባበት የማይገኝ ጫካ ነበር። ጎበዝነታቸው ነው፣ ዛሬ ጥንቸል የምትሸሸግበት ቁጥቋጦ እንኳ አላስቀሩም። ለነገ ያሳደሯት ከጅረቱ ዳር ያለችውን አንዲት ጥግ ብቻ ነው። ወደዚያው ጎንበስ ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ውድነሽም ያገኘችውን ግንድ መከትከት ጀመረች። ግንዱ ትናንት የተቆረጠ መሆኑን ያስተዋለችው ሰዎቹ ከደረሱ በኋላ ነው።

«አከም ጅርታ፣ ልጄ» ብሎ ሰላምታ ሰጣት ዲሪባ። ዳገቱ ትንፋሹን ቆራርጦታል። ታጣቂውና መዝገብ ያቀፈ ጸሐፊ ከኋላው ቆሙ። «በርትታችኋል። ባልሽስ?»

«የለም።» ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «አቦምሳ ሄዷል። ከሄደ ሦስት ቀን ሆነው።»

ዲሪባ የተጋደመውን ዶማ አየ፤ ቀጥሎ እጇ ላይ ያለውን ገጀራ። «ታዲያ ዶማውን የጣለው ማነው?»

«ወንድሜ ነው። ሲያግዘኝ ቆይቶ ወረደ።»

ዲሪባ አልተከራከራትም። «እኛ የመጣነው ልንለካ ነው» አለ። «ባለቤት በሌለበት ደግሞ አንለካም። ይህን ቦታ የሚፈልግ ስንት ሰው አለ መሰለሽ? ነገ ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

ልንለካ ነው። ለቱሳም ስኳር ነበር ያሉት። ወደ ጅረቱ እንዳታይ አንገቷን አደነደነች። ብትጠራውና ውሸታቸውን ቢሆንስ? ባትጠራውና ቦታው ቢሄድስ?

«በስሟ ይጻፍላታ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ጸሐፊው እጆቹን እያሸ። «አዋጁ ሴት ወንድ አይልም። ቶሎ እንውረድ፣ ብርድ ገደለኝ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ውድነሽ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ከኮረብታው እንዲወርዱ። «በስሜ ይሁን፣ ጋሼ» አለች። «እርስዎ ያውቁኛል፣ ሥራ አልፈራም።»

ጸሐፊው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ስሟን ጻፈ። አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። ያኔ ታጣቂው ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ዘረጋው፤ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው። አንዱን ጫፍ ድንጋይ ሥር አድርጎ ሌላውን እየጎተተ፣ እየቆጠረ ሄደ።

እውነታቸውን ነበር። ሊለኩ ነው የመጡት። ውድነሽ ግንዱ ላይ ተቀመጠች። ጣቷን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ሳለች ግን ያደረገችው ነገር ገባት፤ ብርዱ ያኔ ተሰማት።

«እንግዲህ የዚህ ቤት አባወራ አንቺ ነሽ» አለ ዲሪባ።

«ጋሼ፣ እሱ ሲመለስ በሱ ስም ቢዞር...»

«መዝገብ አይሰረዝም፣ ልጄ።» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ለውትድርናው ሁለት ሰው ጎድሎብኛል። እኔንም አሰላ ላይ የሚጠይቁኝ አሉ።»

ውድነሽ ቀና ብላ ፊቱን አየች። እሱ ግን የሚያየው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ነበር።

ዞረች። መርሻ ከጅረቱ ዳር እየመጣ ነው። መሬቱ ሲለካ ከተሸሸገበት አይቷል። ልብሱ ላይ የተሰካውን እሾህ እየነቀለ፣ ፊቱ እንደ ሠርጉ ቀን በርቶ፣ በመነጠሩት መሬት ላይ ሰፋፊ እርምጃ ይራመዳል። ተመለስ ብላ ልትጮህ ፈለገች፤ ዲሪባ ግን ቀድሞ አይቶታል።

«እንደምን ዋላችሁ!» አለ መርሻ፣ ገና ሳይደርስ። የዲሪባን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ይቅርታ፣ ጋሼ፣ ውሃ ልጠጣ ወርጄ ነው።»

ዲሪባ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ የስም ዝርዝር አወጣና ከጸሐፊው እስክሪብቶ ተቀበለ። «አባትህን አውቀዋለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል። «የአያትህ ስም ማን ነበር?»

«ወልደ ሚካኤል» አለ መርሻ፣ ለቤቱ መስሎት፣ በደንብ እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ።