የእጅ አንጓ ኩሺኔታ

የምንገጣጥመው ሰው ሠራሽ እጅ ነው። አንጓው ላይ ገብቶ እጁን የሚያዞረው ኩሺኔታ ከአምባር አይወፍርም፤ ጨበጥ ካደረጉት ይጣመማል። ስለዚህ እጃችን ላይ አጥልቀን የውጭውን ቀለበት እናሽከረክርና ጆሯችንን አስጠግተን እናዳምጣለን። ድምፅ ከሌለው ጤነኛ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ይገባል።

ዛሬ ጠዋት አንዱን አጥልቄ ላወጣው ብል እምቢ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር አልወጣ አለኝ» አልኩት አለቃዬን።

«እንዳትጎትቺው፣ ይጣመማል።»

«እጄስ?»

«እጅሽ ምን ይሆናል? ገብቶ የለ? ይወጣል።»

ጓደኛዬ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «ሙሽሪት፣ አምባሩ አማረብሽ» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ።

ጋሼ መነጽሩን አድርጎ አንጓዬን አገላብጦ አየ። የውስጡን ቀለበት ፈልጎ አጣው። ከዚያ ኩሺኔታ ሲፈትሽ እንደ ልማዱ ጣቶቼን በቀስታ ገፋ አደረጋቸው።

እጄ ዞረ። መዳፌ ወደ ላይ መጣ፣ ወደ ታች ሄደ፣ እንደገና ወደ ላይ መጣ፤ ክንዴ ግን ንቅንቅ አላለም። ምንም አላመመኝም።

«ጋሼ፣ በናትህ አቁምልኝ።»

እሱ ግን ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ ነበር።

«ድምፅ የለውም» አለ በመጨረሻ፤ ወደ ጓደኛዬም ዞሮ «እስቲ ሣጥኑን አቀብዪኝ» አላት።