ከሌሎቹ የተለየው ደረት

ቱርክ ተምራ አሥር ዓመት ራጅ ስታነሳ የኖረች ሴት፣ አገሯ ገብታ ራጅ ማንሳት እንደገና የምትማረው ምን ጎድሏት ነው? እሷም ገና አልገባትም። «ዲግሪሽ እዚህ አይሠራም» ተብላ ሥራ ስላጣች፣ ራጅ የሚያስተምረው ኮሌጅ የጠየቀውን ሁሉ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድና የደረት ራጅ ሳይቀር፣ አሟልታ ቀረበች።

ሬጅስትራሯ ወይዘሮ ውድነሽ የራጅ ፊልሟን ወደ መስኮቱ አንስተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«የኔ እህት፣ ያንቺ ከሌሎቹ ይለያል።»

የሠላሳ አራቱን አመልካቾች ፊልም ደረደሩላት። የወንዱም የሴቱም አምስተኛ የጎድን አጥንት አንድ ቦታ ላይ ተሰብሮ ገጥሟል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የአንድ ሰው ደረት ነው!»

«ሠላሳ አራት ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ?» ብለው ማመልከቻዋን መለሱላት።

ከበሩ እንደወጣች ለኮሌጁ ዲን መልእክት ላከች፦ «ጌታዬ፣ አምስተኛዋን የጎድን አጥንቴን ማን ይስበርልኝ?»

ምዝገባው ያለ እሷ ተዘጋ።