ሳሉ ለማን ነው?

ሜኔጊና ዜማዋን ገና ከመጨረሷ፣ ከታች ያለው ሕዝብ ሁሉ ጉንፋን እንደያዘው ሳለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማጨብጨብ ክልክል ነበርና፣ የቬኒስ ሰው ሙዚቃ ሲጥመው መሳልና እግሩን ከወለሉ ማፋተግ ነበር ወጉ። «ዛኔታ! ዛኔታ!» አለ አንዱ ራሱን መግታት ቢያቅተው። ሙዚቀኞቹ ሴቶች ሰገነት ላይ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ስለሚቀመጡ ማን እንደሚጫወት አይታይም፤ ለሕዝቡ ግን ያማረው ሁሉ የአንደኛዋ ቫዮሊን ተጫዋች፣ የዛኔታ ነበር። ሜኔጊና ሁለተኛዋ ቫዮሊን ናት።

«እኔ ነኝ እኮ የተጫወትኩት!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ታዲያ ውረጂና ንገሪያቸዋ!» አለች ዛኔታ ሳቋን አፍና። «በይ ተዘጋጂ፣ ልንደግመው ነው።»

የሚጫወቱት ሙዚቃ፣ የሶናታው ዝግተኛ ክፍል እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ ይጫወታል። ሜኔጊና ደሟ እንደፈላ ጀመረች፤ ያ የራሷ ዜማ ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን የቫዮሊኗን ደጋን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ይቅርባቸው! ማን እንደጎደለ ያኔ ይገባቸዋል። እዚያ ጋ የዛኔታ ዜማ ያርፋል፤ ፊቷ ያለው ወረቀትም የራሷ ድርሻ ብቻ ስለሆነ ዛኔታ ክፍተቱን የምትሞላበት አጣችና ሜኔጊና ላይ አፈጠጠች። አጃቢዎቹ ቼሎና ኦርጋን ብቻቸውን አዘገሙ። ሜኔጊና ጆሮዋን ወደ ታች ጣለች።

ክፍሉ አለቀ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ከበፊቱ በባሰ ሳል ተናጋ።

«ዛኔታ!» አለ ያ ሰውዬ። «ዝም ስትል እንኳ ታስለቅሳለች!»