የጋሽ እንድርያስ ሰነፍ ተማሪ

ይህን በማውራታችን አስቀድመን ይቅርታ እንለምናለን። ጉዳዩ የሰው ጓዳ ነው። የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍም አለበት፤ እሱም ቢሆን የሰው ጓዳ ነው።

ገነቴ እህቷን ኤልሳን ከቀበረች ወራት አልፈዋል። አንድ ቅዳሜ ከአጥሩ ማዶ፣ ከእህቷ ባል ከጋሽ እንድርያስ ሳሎን ሳቅ ሰማች። ደነገጠች።

በሆሳዕና ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ያድርለታል፣ ይዘምርለታል፣ ያጫውተዋል። ድንኳኑ ሲፈርስ ግን ሁሉም ወደየጉዳዩ ነው። ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ጋሽ እንድርያስ ከዚያ ወዲህ መስኮት አልከፈቱም። ገነቴ የምትወስድላቸውን ምግብ እንደከደነችው ትመልሰው ነበር።

ታዲያ ማን አሳቃቸው?

ሮዳስ የምትባል ከጎረቤት ከተማ ከሆመቾ የመጣች ሴት ናት። «በርቀት እየተማርኩ ነው፤ ሥነ ጽሑፉ አልገባ ብሎኛል፤ ያስጠኑኝ» ብላ በር አንኳኳች። በየቅዳሜው መምጣት ጀመረች። ገነቴም ቆጮና ጎመን ይዛ ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ለምግቡ ሳይሆን ለወሬው።

«እሺ ሮዳስ» አሉ ጋሽ እንድርያስ፤ «ሽማግሌው ካፒቴን ወደቡ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ጠበቀ። መርከቧ አልመጣችም። ለምን ይመስልሻል?»

«ሰው አልሞላላትማ፣ ጋሼ።»

«ምን?»

«ረዳቱ ‹አንድ ሰው! አንድ ሰው!› እያለ ይሆናል። ሳትሞላ እንዴት ትነሳ?»

ጋሽ እንድርያስ እየሳቁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠራረጉ።

«ይሄኛውስ? ጎረምሳው ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ እየወረደበት የልጅቷን መስኮት ያያል።»

«ቆጣሪ አንባቢ ነው።»

«በሌሊት?»

«ቀን ሲመጣ ‹ሰው የለም› ይሉታላ!»

ቀጥሎ ያለው ግጥም ስለ አንዲት ሚስት መቃብር ነበር። ጋሽ እንድርያስ መነጽራቸውን ሳያጠልቁ ሮዳስ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለበጠች።

«ይሄ ለፈተና አይመጣም» አለች። ተነሥታም፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ቀዳችላቸው።

ገነቴ አልሳቀችም። ቤቱ የዋና መንገድ ዳር ቤት ነው፤ ኤልሳ ሆመቾ ስታስተምር ከደመወዟ እየቆጠበች ያሠራችው። ልጅ የላቸውም። ደግሞ ይቺ ሴት የሰውዬውን ሻይ ከየት አወቀችው?

«መጽሐፉን አይደለም፣ ቤቱን ነው የምታነበው» አለች ለዕድር ሴቶች።

«ይህን ያህል የማይገባት ሰው እንዴት ኮሌጅ ደረሰች?» አለች አንዷ።

ይህ ገነቴን የባሰ አስጨነቃት። ብታባርራት ጋሼ ወደ ተዘጋው መስኮታቸው ይመለሳሉ። ዝም ብትል የእህቷ ቤት ይሄዳል።

ሰኞ ጠዋት ሆመቾ ወረደች። ጠያይቃ ከአንድ ትምህርት ቤት ደረሰች። በአንደኛው ክፍል መስኮት ስታይ ሮዳስ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች፤ እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች።

ደወል ሲደወል ገነቴ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«አንቺ አጭበርባሪ! ቤቱን ነው አይደል?»

«እትዬ ገነቴ፣ ቀስ ይበሉ፤ ተማሪ ይሰማል።» ሮዳስ ከእጇ ላይ ጠመኔውን አራገፈች። «ቲቸር ኤልሳ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው ያስተማሩኝ።»

«እና?»

«ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ‹እሱ ሰነፍ ተማሪ ካላገኘ ከእኔ በኋላ አይሰነብትም፤ አደራ፣ ሰነፍ ሁኚለት› አሉኝ።»

ይህን ለማንም እንዳትደግሙ እንለምናለን፤ ለጋሽ እንድርያስማ በፍጹም። ቅዳሜ ሁለት ተማሪ አላቸው፤ ገነቴም ተመዝግባለች፣ የእሷ ስንፍና ግን የምር ነው።