የማህደር ባንዲራ

ወደ ማርስ ማዕድን ማውጫ የሄደ ሰው ድምፁም ምስሉም ወደ ቤቱ እንዳይላክ ከተከለከለ ወዲህ፣ ትርንጎና እዚያ የሄደችው ልጇ ማህደር የሚገናኙት ብሎክ እየደረደሩ ቤት በሚሠሩበት ጌም ውስጥ ብቻ ነበር። አብረው በሠሩት ቤት በር ላይ ማህደር ያስጌጠችው ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ቢጫ ሆኖ መሀሉ ላይ ቀይ አበባ አለው።

ከዚያ ማዕድን ማውጫው ተደረመሰ ተባለ፤ ማህደርም ከጌሙ ጠፋች። ጎረቤቱ ሁሉ «እርምሽን አውጪ» እያለ ሲወተውታት ትርንጎ ነጠላዋን ጥቁር ነከረች። እያለቀሰች በባንዲራውም ላይ ጥቁር ቀለም ደረበች።

ዛሬ ጠዋት ጌሙን ስትከፍት ግን ቢጫው ከነአበባው በሩ ላይ ይውለበለባል። በጌሙ ውስጥ ባንዲራ በጋን ውሃ ሲነከር መጨረሻ የተቀባው ቀለም ብቻ ይለቃል። በሩ አጠገብ ያለው ጋን ደግሞ ውሃው ጎድሏል።

«ሞላልኝ!» ብላ ባሏን ተጣራች። «ባንዲራውን አንተ ነህ ያጠብከው?»

«እኔ በምን ገብቼ? የጌሙ ቤት ቁልፍ ያለው አንቺና እሷ ጋ አይደል እንዴ!»

ከዚያ ትርንጎ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ፤ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችው።

«ምነው ይሄም በውሃ ብቻ በለቀቀ!»

«ተይው» አላት ሞላልኝ ዓይኑን እየጠረገ፣ «የሷ ከለቀቀ ይበቃናል።»