ለኢክራም የተሰጠው ልቦለድ

በዚያ ዘመን ሰው ያነበበውን መጽሐፍ “ይህን አንብብ” ብሎ ለሌላ ከመረጠ፣ ታሪኩ ከራሱ ትዝታ ይጠፋ ነበር። የጅማዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አስካለ ይህን እያወቀች ለሠላሳ ዓመት ለወጣቶች ልቦለድ ስትመርጥ ኖራለች። ያልሰጠችው አንድ ብቻ ነበር፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ እናቷ ስትሞት ያጽናናት።

አንድ ቀን እናቷን በቅርቡ የቀበረች ኢክራም የምትባል ተማሪ መጥታ፣ “እትዬ አስካለ፣ ምን ላንብብ?” አለቻት።

አስካለ ለማንም ያልሰጠችውን ያን መጽሐፍ አወጣችላት። “ይሄን አንብቢ ልጄ። እኔን ደግፎኛል።”

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ጥላዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ከዚያ ልቦለድ አንድ አረፍተ ነገር ትለው ነበር። ዛሬ “ደህና ዋል” ብቻ አለችው።

“ሰጠሽው ማለት ነው” አለ ጥላዬ።

“ለአንዲት ልጅ ሰጠሁት። ምን እንደሚል ግን እንጃ።”

ጥላዬ እጇን ይዞ እስከ መንገድ ሸኛት።

በሳምንቱ ኢክራም መጽሐፉን አቅፋ ተመለሰች። “እማዬ ከሞተች ወዲህ ገና አሁን ሳቅሁ” አለች። “አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ።”

አስካለ ዓይኗ እንባ አቀረረ። “እኔም አመሰግንሻለሁ” ብላ ወንበር ሳበችላት። “እስቲ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቢልኝ።”

ኢክራም ማንበብ ጀመረች። አስካለ አገጯን በእጇ ደግፋ አዳመጠች፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ጓጉታ ነበር።